ጋሽ ይጣራ እና መንታዋ የማርስ ድንጋይ

እሺ፣ እስቲ አንዴ ጆሯችሁን አውሱኝ። ኬኩ ገና አልተቆረሰም፣ ስለዚህ የሚሄድ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ። ወንበሩ ደህና ነው፤ ጠዋት ራሴ ተቀምጬበት አይቼዋለሁ። አያችሁ? አላመኑኝም። እየነቀነቁት ነው። ግዴለም ይነቅንቁት፣ እንጠብቃለን።

እዚህ የካርታ ክፍል ውስጥ ከእሳቸው በፊት የገባነው እኔና የበሩ ጥበቃ ብቻ ነን የቀረነው። ስለዚህ ዛሬ በጡረታ ስንሸኛቸው የመጡበትን ቀን መናገር የሚገባን እኛ ነን። ጥበቃችን ደግሞ «እኔ ካወራሁት አለቅሳለሁ፣ አንቺው አውሪው» ብሎኛል። በሳቅ ይሁን በንዴት አልነገረኝም።

ጋሼ አዲስ የካርታ አራሚ ሆነው ያን ቀን ጠዋት በሩ ጋ ደረሱ። ጥበቃችን እንደ ደንቡ «መታወቂያ» አለ።

«መጀመሪያ ያንተን» አሉት።

«የኔን? እኔ እኮ ጥበቃ ነኝ!»

«እሱን አይደል የምልህ? ጥበቃ መሆንህን በምን አውቃለሁ? የደንብ ልብስ እንደሆነ ገበያ ላይ ይሸጣል።»

ይሄ ምስኪን ምን ያድርግ? መታወቂያው ኮቱ ውስጥ ነው፣ ኮቱ ደግሞ ውስጥ ማረፊያ ክፍል ተሰቅሏል። ሮጦ ሄዶ አመጣው። እያለከለከ ሲመለስ ጋሼ እዚያው ቆመው፣ «ለመሆኑ በሩን ለማን ትተህ ነው የሄድከው?» ብለው ተቆጡት። ሥራ ሳይጀምሩ!

ከዚያ ፎቅ ወጡ። ያኔ የነበሩት ኃላፊ ደስ ብሏቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቁን የከተማ ካርታ አሳዩዋቸው። የክፍላችን ኩራት ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ እሱ ፊት ነበር ፎቶ የሚነሳው። ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ ተጠጉ። ሁላችንም ሥራ አቁመን እናያለን።

«ይህ ያለንበት ሕንፃ የቱ ነው?» አሉ።

«ይኸው» አሉ ኃላፊው።

«ይሄ ከመንገዱ ማዶ ነው። እኛ ደግሞ ወዲህ ነን። እንግዲህ ወይ ካርታው ተሳስቷል፣ ወይ እኔ የማላውቀው መሥሪያ ቤት ገብቻለሁ። ይጣራ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስማቸው ጋሽ ይጣራ ሆነ። ካርታውም ወረደ።

ጠባያቸውን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰዓት ስትነግሯቸው «በማን ሰዓት?» ይላሉ። ሊፍት ሲመጣ ለሰው ሁሉ «ግቡ፣ ግቡ» ብለው ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ አክብሮት ይመስለን ነበር፣ ለካ ሊፍቱን በእኛ እየሞከሩት ነው። አንድ ዓመት ተሰባስበን «መልካም ልደት!» ስንላቸው ክው ብለው ቀርተው «ማን ነው የነገራችሁ?» አሉን። ሻማውን ያጠፉት ነጋሪው ከታወቀ በኋላ ነው። የጡረታ ደብዳቤው ሲደርሳቸው ደግሞ ቀጥ ብለው ወደ ሰው ኃይል ሄዱና «የልደት ቀኔ ይጣራ» አሉ። ተጣራ፣ ትክክል ነው። ይቺ የሰው ኃይል እህታችን እንደነገረችኝ፣ «አንዲት ስሕተት እንኳን አጣችሁልኝ?» አሏት። ይቺን ስትነግረኝ ሁለታችንም አልሳቅንም።

አሁን ወደ ማርስ ልሂድ። ታሪኩን በከፊል የምታውቁ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ግን እስከ ዛሬ ድረስ፣ ያ ጋሼ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ቀይ ምድረ በዳ በድብቅ የገዙት መሬት ይመስላችኋል። ሾፌራችን፣ አቀርቅረህ አትሳቅ! «ማዕድን ተገኝቶበት ነው» ብለህ ያስወራኸው አንተ ነህ።

ነገሩ ከእኔ ነው የተነሳው። ሌላው ሰው ስልኩ ላይ የልጁን ፎቶ ያደርጋል፣ እኔ ድንጋይ አደርጋለሁ። ማርስ ላይ ሮቨር የሚባል፣ ሰው የማይቀመጥበት፣ ባለ ስድስት ጎማ ተሽከርካሪ አለ። እየዞረ ፎቶ ያነሳና ወደ ምድር ይልካል። የሚልከው ሁሉ ጥሬ ነው፤ ቁርጥራጭ፣ ደብዘዝ ያለ። ለማንም ክፍት ስለሆነ ግን በየአገሩ ያሉ አፍቃሪዎች፣ ማንም ያላዘዛቸው፣ ማንም የማይከፍላቸው ሰዎች፣ ያንን ቁርጥራጭ እያወረዱ አንዱን ከአንዱ ይገጥሙታል፣ ቀለሙን ያስተካክሉታል። ሲጨርሱ ሸለቆው፣ ኮረብታው፣ የጎማው ዱካ ሳይቀር ፊትህ ድቅን ይላል። ሮቨሩ የሄደበትንም መንገድ እንደኛው በካርታ ይስሉታል። እኔ ከነዚህ ሰዎች ሥራ የወደድኩትን እሰበስባለሁ። አንድ ቀን አንዱን አተምኩና ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩት፤ ሮቨሩ ራሱን ያነሳው ፎቶ ነው።

ጋሼ ሲያልፉ አዩት። ቆሙ።

«ይሄን ማን ነው ያነሳው?»

«ራሱ ነው ጋሼ።»

«እጁ የታለ?»

«ምን?»

«ራሱን ካነሳ ካሜራ የያዘው እጅ መታየት አለበት። የልጅ ልጄ ራሷን ስታነሳ ግማሹ ፎቶ ክንድ ነው። ይሄ ክንድ የለውም። ስለዚህ እዚያ ሌላ አለ ማለት ነው።»

«ሌላ ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ይጣራ።»

አስረዳኋቸው። ክንድ አለው፣ ካሜራው ክንዱ ጫፍ ላይ ነው፣ ክንዱን እያዟዟረ ብዙ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ ክንዱ የታየበት ቁራጭ ይጣላል አልኳቸው። ጥሩ አድርገው ሰሙኝ። ስጨርስ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ስለዚህ ነበረ፣ አሁን የለም። በእኛ ሙያ ይሄ ድለዛ አይባልም?»

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ጋ ይቆማሉ። እኔ እበላለሁ፣ እሳቸው ማርስን ይመረምራሉ። ፎቶ በቀየርኩ ቁጥር አዲስ ክስ ነው። «ይሄ ሰማይ ለምን እንዲህ ለሰለሰ?» «ይሄ ቀለም ከየት መጣ?» ሸለቆው ላይ ፀሐይ ዘንበል ስትል የሚያሳየውን፣ ከሁሉ የምወደውን ስለጥፍ ግን ምንም አላሉም። ዝም ብለው ያዩታል፣ ይሄዳሉ፤ በማግስቱ መጥተው ደግሞ ያዩታል። «ተመስገን፣ ይቺን ወደዷት» አልኩ በሆዴ።

አንድ ቀን ምሳዬን ሳልከፍተው «ነይ እስቲ» አሉኝ። ጣታቸውን ግራ ጥግ ላይ አሳረፉ። «ይህቺን ድንጋይ እያት። አየሻት? አሁን ደግሞ ይህቺን።»

«ይመሳሰላሉ።»

«አይመሳሰሉም፤ አንድ ናቸው። ጫፏ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር። መንታ አላት። ድንጋይ ደግሞ አይወልድም።»

አየሁት። እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ፊቴ ተለጥፎ፣ እኔ ካርታ ነዳፊዋ፣ አላየሁትም ነበር።

«ጻፊላት» አሉኝ።

ፎቶውን የሠራችው ሴት ሌላ አገር ነው የምትኖረው፤ ቋንቋዋን እኔ እችላለሁ፣ እሳቸው አይችሉም። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «የተከበሩ እመቤት፣ በሥራዎ ግራ ጥግ አንድ ድንጋይ ሁለት ቦታ ተቀምጦ ይገኛል። ምክንያቱ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» አይከብድም? እኔ ለማለዘብ ከላይ «ሥራዎ በጣም ያምራል» ብዬ ጨመርኩ። «አንብበሽ ተርጉሚልኝ» አሉ። ሳነብላቸው እጃቸውን አነሱ።

«ይሄን እኔ አላልኩም።»

«ለትሕትና ነው ጋሼ። ደግሞስ አያምርም?»

ፎቶውን ቀና ብለው አዩት። «ያምራል» አሉ። «ለዚህ አይደል የጠረጠርኩት?»

መልሱ መጣ። ሴትዮዋ በግና ነበር። «አንተ ማነህ? የምን መሥሪያ ቤት ነህ? ማን ላከህ?» ትላለች። እሷም ጠረጠረቻቸው! ጋሼ ይሄን ስነግራቸው እንደዚያ ቀን ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም። «ጥሩ ሰው ናት» አሉኝ። «ማን እንደሆንኩ ሳታጣራ አትመልስም።»

ትንሽ ቆይታ ሌላ መልእክት ላከች። እንዲህ ይላል፤ «እውነትህን ነው። ሮቨሩ ያንን ጥግ አላነሳውም፣ ባዶ ነበር። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ጉድጓድ ሳይ እጄ አያርፍም። ከጎኑ ወስጄ ሞላሁት። ያ ሁሉ ሰው አይቶት ማንም ያላወቀውን አንተ በምን አወቅህ?»

ጋሼ መልሱን ሲናገሩ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ ነበር። «እኔ የካርታ አራሚ ነኝ። ያላየነውን ቦታ እንዳየነው አታድርጊው። ባዶውን ባዶ ተዪው።»

ፎቶውን እንደገና ሠራችው። ጥጉ ላይ፣ ያልተነሳው ቦታ፣ ጥቁር ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ ሰዎች «ፎቶሽ ተቀደደ ወይ?» ብለው አሾፉባት፤ ኋላ ግን ወደዱት። እኔም የድሮውን አንስቼ እሱን ለጠፍኩት። ጋሼ ማጉያቸውን ይዘው መጡና አንድ ጥግ ሳይቀራቸው አዩት። ማጉያውን ኪሳቸው ከተቱ። «አሁን አመንኳት» አሉ።

እንደዚህ ነው ወዳጅነቱ የተጀመረው። እሷ ፎቶ ትሠራለች፣ እሳቸው ያርማሉ። እሳቸው ደግሞ የሮቨሩን መንገድ በካርታ መንደፍ ጀመሩ፤ በፎቶ የተረጋገጠውን በደማቅ መስመር፣ ግምት የሆነውን በነጠብጣብ። እኔ መሐል ሆኜ እተረጉማለሁ። የእሷን መልእክት በአማርኛ አድርጌ ወደ ጋሼ ስልክ እልካለሁ።

መዘዙም እዚህ ላይ ነው የመጣው። እትዬ፣ ይሄን ልናገረው? ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ የት እንደሆነ አልገባኝም። እቀጥላለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የጋሼ ባለቤት፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ እነዚህ እዚህ የተቀመጡት፣ ቢሮ መጡ። «መነጽሩን ረስቶ ነው» አሉ። ጋሼ ወጣ ብለው ነበር። እትዬ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና አልሄዱም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ እኔና አንቺ ሴቶች ነን። እውነቱን ንገሪኝ።»

«ምን ልንገርዎት እትዬ?»

«‹ዛሬ ጠዋት ሰማዩን አስተካከልኩልህ› ምን ማለት ነው?»

ምሳ ዕቃዬን ከደንኩ።

«‹ሌሊቱን ሙሉ አንተ ያልከውን ሳስብ አደርኩ› የምትለውስ? እሱ ደግሞ ምን ይላታል፣ ‹ጥላሽ አልተመቸኝም› ይላታል! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር ጥላ ይኑረኝ አይኑረኝ አይቶ አያውቅም።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ የማርስ...»

«ቁጥሩ ያንቺ ነው።»

አያችሁልኝ? እኔን ነው የጠረጠሩት! እኔ፣ ልጃቸው ልሆን የምችለውን! መሐላም አላዳነኝም። በመጨረሻ ተነሳሁና ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋቸው። የጋሼን መነጽር አደረጉና ተጠጉ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ማርስ ነው። ሰማዩ ይሄ ነው። ጥላው የዚህ ኮረብታ ጥላ ነው። የምትልከውም የጥርስ ሐኪም ናት፣ እኔ ተርጓሚ ነኝ።»

ረጅም ጊዜ አዩት። «ቅዳሜን የሚያጠፋብኝ ለዚህ ነው? ዛፍ እንኳን የሌለው!» አሉ። ከዚያ ጥቁሩን ጥግ በጣታቸው ነኩት። «ይቺን ግን እሱ ነው ያስደረጋት፣ አይደል?»

«በምን አወቁ?»

«በቤቱ ግድግዳ ላይም የማያውቀው ዘመድ ፎቶ ስር ‹ማን እንደሆነ አልታወቀም› ብሎ የጻፈ ሰው ነው።» ሳቁ። እኔም ተነፈስኩ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ዞረው «የጥርስ ሐኪሟ ፎቶ የለሽም?» አሉኝ።

አሁን የሚቀጥለው ብዙም አያስቅም። ኃላፊያችን፣ ይሄን እንደማነሳ ነግሬዎት ፈቅደውልኛል፣ አመሰግናለሁ።

ኮረብታው ሥር ያለውን አዲሱን ሰፈር ታስታውሳላችሁ። ቤታቸው ለመንገድ ሥራ የሚፈርስባቸው ቤተሰቦች የሚሰፍሩበት ቦታ ነበር። የቅየሳውን ሥራ የወሰደ አንድ ድርጅት የመሬቱን ካርታ አምጥቶ አስረከበ። ንጹሕ፣ የሚያምር ካርታ። ሁሉም ፈርሟል፣ የቀረው የአራሚው ፊርማ ነው። ጋሼ ወሰዱት፣ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉት፣ አልመለሱትም።

ኃላፊያችን መጡ። «ጋሼ፣ ይፈርሙልኝ እንጂ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ይህቺ ኩርባ መንታ አላት» አሉ ጋሼ። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳዩትን መስመሮች ማለታቸው ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው የመስመሮቹ አቀማመጥ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ እንዳለ ተደግሟል።

«እሱ የማርስ ነገር ነው ጋሼ። ይሄ ምድር ነው።»

«ማርስ ላይ እኮ ቤት የሚሠራ የለም» አሉ ጋሼ። «እዚህ ልጆች ይተኛሉ።»

አልፈረሙም። ኃላፊያችንም ተጨነቁ፤ ከላይ ይደወልባቸዋል፣ ከታች ሰው በር ላይ ቆሟል። ድርጅቱ ሰው ላከ፤ ፈገግ እያለ «መሣሪያችን ዘመናዊ ነው፣ አይሳሳትም» አለና ሄደ። ኮሪደሩ ላይ ወሬ ተጀመረ። እስከዚያ ቀን ሁሉን ሲጠረጥሩ የኖሩት ሰው በተራቸው ተጠረጠሩ። «የሆነ ነገር ቢያሲዙት ነው» አለ አንዱ። «ቦታውን ለአማቹ ሊያስቀረው ነው» አለ ሌላው። ማን እንዳለው አውቃለሁ፣ ዛሬ አልናገርም፤ ኬኩን እየጠበቀ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ባዶ መሆን ጀመረ። አብሬያቸው ስቀመጥ «አንቺም ትጠረጠሪያለሽ፣ ሂጂ» ይሉኛል። «እትዬ ቀድመውዎታል» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ ግን አይበሉም።

አንድ ቀን ከምሳ ስንመለስ በሩ ላይ አንዲት እናት ጠበቀቻቸው። ልጅ አዝላለች። ጥበቃችን ሊከለክላት ሞከረ፣ ጋሼ «ተዋት» አሉት።

«ፊርማ የከለከልከን አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«የምታድርበት ቤት አለህ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው እኔም ይኑረኝ!»

ጋሼ ፎቅ ወጥተው ካርታው ፊት ተቀመጡ። ብዕራቸውን አወጡ። እኔ ከጠረጴዛዬ አያቸዋለሁ። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስጠጉት፤ ከዚያ መለሱት፣ ክዳኑን ገጠሙት። «እሷ እውነቷን ነው» አሉኝ። «እኔም እውነቴን ይመስለኛል። ምን ላድርግ?» እኔን ምክር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ሄደን በዓይናችን እንየዋ» አልኳቸው።

መኪና የሚሰጠን አልነበረም። ቅዳሜ ቀን የክፍላችን ቀያሽ መሣሪያውን ተሸክሞ መጣ፣ እኔ መጣሁ፣ እትዬም መጡ። «እኔ ደግሞ የት እንደሚሄድ ሳላይ አልቀርም» አሉ። ከአውቶቡስ ወርደን በእግር ወጣን። ካርታው መንታ መስመር ያለበት ቦታ ስንደርስ ግን መግቢያ የለውም፣ ከላይ እስከ ታች እሾህ ቁጥቋጦ ነው። ቀያሹ ወዲያው ገባው። «የድርጅቱ ሰዎች እዚህ አልገቡም ጋሼ። እኔም ብሆን አልገባም ነበር» አለ። ቢሆንም ገባን። ልብሳችን ተቀደደ። ቁጥቋጦውን ስናልፍ ለስላሳ ሣር ያለበት ተዳፋት ነው፣ ልክ ካርታው እንደሚለው። ቀያሹ «ኧረ ደህና መሬት ነው! በከንቱ ነው የተወጋነው» ብሎ ሳቀ። የጋሼን ፊት አየሁት፤ አመድ መስሏል። ያን ሁሉ ቤተሰብ በከንቱ አስጠብቀው እንደሆነ ነው የታሰባቸው።

ያኔ እትዬ «ቆዩ እስቲ» አሉ። «ውሃ ይሰማኛል።»

ጆሯችንን ጣል አደረግን። ከእግራችን ሥር ነው የሚሰማው።

ቀያሹ ዘንጉን ሣሩ ላይ ተከለ፤ ዘንጉ ሰምጦ ሊያመልጠው ሲል ያዘው። ሁላችንም በደረታችን ተኝተን ወደ ኋላ ተንፏቀቅን። ሣሩ ከላይ ክዳን ነው እንጂ ከሥሩ ውሃ የቦረቦረው ገደል ነበር። ትንሽ ዝቅ ብሎ ዳሩ ተንዶ ስለነበር ከዚያ ጋ ሆነን ወደ ውስጥ አየነው። ቀያሹ ድንጋይ ወረወረ። ድምፁን ጠበቅን፣ ጠበቅን። ካርታው ላይ እዚያ ቦታ የቤቶች ረድፍ ተነድፎ ነበር።

እኔ «ይኸው! እርስዎ ብለው ነበር!» ልላቸው ዞርኩ። ጋሼ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። «ፈርሜ ቢሆን ኖሮ» አሉ። እትዬ አጠገባቸው ተቀምጠው ከእጅጌያቸው ላይ እሾህ ይለቅሙላቸዋል።

ሰኞ ኃላፊያችን ራሳቸው ሄደው አዩት፤ እሾሁ ውስጥ ገብተው፣ በሙሉ ልብሳቸው። ካርታውን በዚያው ቀን መለሱት። ድርጅቱም አመነ፤ ሠራተኞቹ ቁጥቋጦውን ማለፍ ስላቃታቸው ከጎኑ ያለውን ገልብጠው ሞልተውት ነበር። ሰፈሩ ወደ ኮረብታው ሌላኛው ወገን ዞረ። በሚቀጥለው ክረምት ያ ተዳፋት ከነቁጥቋጦው ተናደ። ሰው አልነበረበትም።

ያቺ እናት ቤቷ ከገባች በኋላ አንድ ቀን መጣች። አበባ ይዛ እንዳይመስላችሁ። ጋሼን በሩ ላይ አስጠርታ፣

«ያን ጊዜ ጉቦ በልቷል ብዬ ነበር» አለቻቸው።

«አውቃለሁ።»

«ብዙ አንከራተኸኛል።»

«አውቃለሁ።»

«ቤቴ ግን አያፈስም።»

«እሱን መጥቼ ካላየሁ አላምንም» አሉ ጋሼ። ሄዱም! ጣሪያዋ ላይ ወጥተው አንዲት የላላች ሚስማር አግኝተው መትተው ተመለሱ። አሁን እዚያ ቤት «አባባ» ነው የሚባሉት።

ጋሼ፣ አሁን ቀልዱን ልተው። አይፍሩ፣ ብዙ አላስለቅስዎትም።

እናቴ ያረፈች ሰሞን ቤት መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቶሎ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሁላችሁም ደግ ነበራችሁ፣ አንድ በአንድ መጥታችሁ «ደህና ነሽ?» ብላችሁኛል። «ደህና ነኝ» አልኳችሁ። «ጎበዝ፣ በርቺ» ብላችሁ ሄዳችሁ። እኔም እንድትሄዱ ነበር የምፈልገው። በመጨረሻ ጋሼ መጡ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

አልሄዱም። እንደዚያ ፎቶ አዩኝ። «አይመስለኝም» አሉ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። እኔ በቃ፣ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። እሳቸው አላባበሉኝም፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብለውም አልተነሱ። ሳበቃ፣ ሮቨሩ ያን ሳምንት የላከውን ጥሬ ፎቶ ከፈቱና አንዷን ቁራጭ ጠቆሙኝ። «ይህቺ ከየትኛዋ ጋር የምትገጥም ይመስልሻል?» አሉኝ። እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠን የማርስን ኮረብታ ገጠምን። ስንሳሳት እያፈረስን፣ እንደገና እየገጠምን። ማታ ቤቴ ስገባ ከብዙ ቀን በኋላ ራበኝ።

ያን ቀን ስላላመኑኝ አመሰግናለሁ ጋሼ። እስከ ዛሬ አፍ አውጥቼ አልነገርኩዎትም።

የጥርስ ሐኪሟ ደግሞ ትናንት መልእክት ልካለች፣ ላንብበው። «ጡረታ ወጣ ሲሉኝ ደነገጥኩ። ከአሁን በኋላ ፎቶዬን ማን ሊጠረጥርልኝ ነው?» ትላለች። እኔ ሳላማክርዎት መልሼላታለሁ፤ «ጡረታ የወጡት ከካርታ ክፍል ነው፣ ከማርስ አይደለም» ብያታለሁ። ወሩ ሲያልቅ እርስዎንና እትዬን ልትጎበኝ ቲኬት ቆርጣለች። እትዬ ይሄን ያውቃሉ፤ የምታርፍበትን ክፍል ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። የመጋረጃውን ቀለም እንድትመርጥ ሁለቱ በእኔ በኩል ሲጻጻፉ ከርመዋል፣ አሁን ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ እኔም ጠፍቶብኛል።

በሉ፣ ሁላችሁም ተነሱ። ብርጭቆ የሌለው ሰው አለ? ከወዲያ ያለው ጠረጴዛ፣ ለጥበቃችን አቀብሉት።

ጋሼ፣ ጉልበትዎን ይጠብቅልዎት፤ ጣሪያ ላይ መውጣቱን ግን ይተውልን። ዓይንዎን ይጠብቅልዎት። እትዬን በጤና ያቆይልዎት፣ ለእትዬም ትዕግሥቱን ይስጥልን። በእርስዎ ቦታ አዲስ ሰው ይመጣል ተብሏል፤ እንቀበለዋለን፣ ግን እስክንወደው ጊዜ ይስጠን። እርስዎ ደግሞ ከዛሬ በኋላ ጠዋት ተነስተው መስኮት ሲከፍቱ፣ የሚያዩት ነገር ሁሉ ልክ እንደሚመስለው ይሁንልዎት።

ለጋሽ ይጣራ! ለጤናዎ!